«ባለሙያ ካለ ምን ያስፈራል?» ስለ ኒውክሌር ተቆጣጣሪ የሚባለውና እውነታው

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ፣ ከቀጣዮቹ ትልልቅ ሥራዎች አንዱ የኒውክሌር ማመንጫ እንደሚሆን ተነገረን። ሁለት ሳምንት አለፍ እንዳለ ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ደሴ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብትሉም፣ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ብትገቡም ወሬው አይጠፋም። ሰው የሚጠይቀው «ይፈነዳል ወይስ አይፈነዳም?» እያለ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን «አቁሙ» ማለት ቢያስፈልግ የሚለው ማነው? ቢልስ ማን ይሰማዋል? ይህ የተቆጣጣሪው፣ ማለትም ማመንጫውን የሚፈቅደውና የሚያግደው አካል ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ ከሚባለው ብዙው ልክ ስላልሆነ አንድ በአንድ እንየው። ከዚህ በታች ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ነጻ ተቆጣጣሪ ማለት ከመንግሥት ውጭ የሆነ ማለት ነው»

አይደለም። ተቆጣጣሪው ራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በአዋጅ ይቋቋማል፣ ሠራተኞቹም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ነጻ የሚያሰኘው «ማመንጫውን ቶሎ ጨርሱ» ከተባለው አካል መለየቱ ነው። ገንቢው የበላይ አለቃው ከሆነ ተቆጣጣሪ የሚለው ስም ብቻ ነው የሚቀረው።

አሜሪካኖቹ ይህን የተማሩት ሞክረውት ነው። እስከ 1974 ድረስ አንድ ኮሚሽን ኒውክሌርን ያስፋፋም፣ ይቆጣጠርም ነበር። አላስኬደም። በዚያ ዓመት በወጣ ሕግ ሁለቱ ሥራዎች ተለያዩና ቁጥጥሩ ለአዲስ ኮሚሽን ተሰጠ። ኮሚሽነሮቹ 5 ናቸው፤ ከ3 በላይ የአንድ ፓርቲ ሰው መግባት አይችልም። የሥራ ዘመናቸው 5 ዓመት ሆኖ የሚያልቀው በተለያየ ጊዜ ነው፤ አንድ ፕሬዚዳንት በአንድ ቀን ሁሉንም እንዳይቀይር ታስቦ። በ1994 የወጣው ዓለም አቀፍ የኒውክሌር ደኅንነት ስምምነትም የሚያስፋፋውና የሚቆጣጠረው አካል እንዲለያዩ ያዛል።

«ዋናው እውቀት ነው፤ ጎበዝ መሐንዲስ ካለ ሌላው ትርፍ ነው»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ቆም ብለን እንየው።

ከጃፓን በላይ መሐንዲስ ያለው አገር ከየት ይመጣል? የፉኩሺማ ዳይቺ ማመንጫ ሲታቀድ ይቋቋመዋል ተብሎ የተሰላለት የባሕር ማዕበል ቁመቱ 3.1 ሜትር ገደማ ነበር፤ በ2002 ስሌቱ ወደ 5.7 ሜትር ገደማ ከፍ ተደረገ። በ2008 የኩባንያው የራሱ ባለሙያዎች እንደገና ቢያሰሉት እስከ 15.7 ሜትር ሊደርስ እንደሚችል አገኙ። ቁጥሩ እጃቸው ላይ ነበር። ኩባንያው ግን ተጨማሪ ጥናት ይደረግ ብሎ አሳደረው። ይህ ስሌት ለተቆጣጣሪው የቀረበው መጋቢት 7 ቀን 2011 ነው። ከአራት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 11፣ ባሕሩ መጣ። ማዕበሉ 14 ሜትር አካባቢ ነበር። ውኃው ምድር ቤት ያሉትን የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮች ዋጣቸው፤ ማቀዝቀዣው ቆመ፤ የሦስት ሬአክተሮች (የኒውክሌር ነዳጁ ሙቀት የሚሰጥባቸው ምድጃዎች) ነዳጅ ቀለጠ።

ታዲያ ተቆጣጣሪው የት ነበር? ኒውክሌርን ሲያስፋፋ በኖረው የኢኮኖሚ፣ ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ጥላ ሥር። ሠራተኛው ዛሬ ቁጥጥር ላይ፣ ነገ ማስፋፋት ላይ ይመደባል። ነገ አለቃው የሚሆነውን ሰው ዛሬ ማን ደፍሮ ይጋፈጣል? የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ2012 አደጋውን «ሰው ሠራሽ» ብሎታል። በዚያው ዓመት መስከረም አዲስ ተቆጣጣሪ ሲቋቋም፣ እዚያ የሠራ ሰው ወደሚያስፋፋው መሥሪያ ቤት እንዳይመለስ የሚከለክል ደንብ ወጣ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ደንብ ነው። የመመለሻ በሩ ሲዘጋ ባለሙያው ያወቀውን ለመናገር አንድ ፍርሃት ይቀንስለታል።

«ቪየና ያለው የአቶሚክ ኤጀንሲ ይጠብቀናል»

ኢትዮጵያ ከ1957 ጀምሮ የኤጀንሲው አባል ናት። ኤጀንሲው መስፈርት ያወጣል፣ ያሠለጥናል፣ ሲጋበዝም ባለሙያ ልኮ ይገመግማል። ከቪየና የሚመጡት ኢንስፔክተሮች በዋናነት የሚያዩት የኒውክሌር ቁስ ለጦር መሣሪያ እንዳይውል ነው። የማንንም አገር ማመንጫ ግን «ዝጋ» ብሎ ማዘዝ አይችልም።

«የሚሠራው የሩሲያ ኩባንያ ከሆነ ኃላፊነቱም የሱ ነው»

ቱርክን እንይ። የአኩዩን ማመንጫ የሚገነባው የሩሲያው የመንግሥት ኒውክሌር ኩባንያ ሮሳቶም ነው፤ ባለቤቱም የሚያንቀሳቅሰውም እሱ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ግን የቱርክ ተቆጣጣሪ ነው። ቱርክም ብትሆን በ2018 ለብቻው ተቆጣጣሪ እስክታቋቁም ድረስ ሁለቱን ሥራ የያዘው አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ሻጩ ስለ ዕቃው ደኅንነት የሚነግረንን መስማት ደግ ነው። የምናምነው ግን የራሳችን ሰው መርምሮ ሲያረጋግጥልን መሆን አለበት።

«ባደጉት አገሮች ይሄ ጉዳይ ያለቀ ነው»

አላለቀም። ቅድም ያነሳነውን የአሜሪካ ኮሚሽን በ2025 ግንቦት ፕሬዚዳንት ትራምፕ በትእዛዝ ነኩት፤ ለአዲስ ሬአክተር የቀረበ ማመልከቻ ቢበዛ በ18 ወር ውሳኔ ያግኝ አሉ። በሰኔ ደግሞ ከኮሚሽነሮቹ አንዱን፣ ክሪስቶፈር ሃንሰንን፣ አሰናበቱ። ሃንሰን ያለ በቂ ምክንያት እንደተባረሩ ተናግረዋል። ግማሽ ክፍለ ዘመን የቆየ ተቋም እንዲህ ከተነካ፣ ጀማሪ አገር በወረቀት ላይ ባለ ነጻነት ብቻ መተማመን የለባትም።

«ነጻ ከሆነ እሱንስ ማን ይቆጣጠረዋል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ነጻነት ማለት ተጠያቂነት የለም ማለት ግን አይደለም። ለፓርላማ ሪፖርት ያቀርባል፤ የምርመራ ውጤቱን ለሕዝብ ያወጣል፤ ውሳኔው ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። የማይፈቀደው አንድ ባለሥልጣን ስልክ ደውሎ «እንዲያው እለፉት» ማለቱ ነው።

«ለእኛ ገና ነው፤ ማመንጫው ሲመጣ ይታሰብበታል»

ይሄ ነው ከሁሉም የከፋው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ደግሞም ጨረር እኛ ዘንድ ከገባ ቆይቷል። ደሴ ላይ ራጅ ያልተነሳ ማን አለ? በሩ ላይ ቢጫው ምልክት ተለጥፏል፣ ከላይ ቀዩ መብራት ይበራል። ባለሙያዋ «ትንፋሽዎን ይያዙ» ብላ ወደ መከለያው ጀርባ ትገባለች። ደረቷ ላይ የምታደርጋት ትንሿ ባጅ በጊዜ ብዛት የወሰደችውን ጨረር የምትመዘግብ ናት። ከመከለያው ጀርባና ከበሩ ውጭ ምን ያህል ጨረር እንደሚያልፍ በመሣሪያ የሚለካ ተቆጣጣሪ መምጣት አለበት። ኮሪደሩ በወረፋ ተጨናንቆ ሳለ «ይሄ ማሽን እስኪጠገን አይሠራም» ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። «አብሽሩ፣ ምንም አይልም» ብሎ ፈርሞ መሄድ ይቀላል። ተቆጣጣሪውን የሚሾመውና የሚሽረው ራሱ ሆስፒታሉ ቢሆንስ ኖሮ? አገራችን የጨረራ መከላከያ አዋጅ ካወጣች ከ1993 ወዲህ ያካበተችው ልምድ በዋናነት እንዲህ ባለው የሕክምናና የኢንዱስትሪ ሥራ ላይ ነው። ሬአክተር ሌላ ዓለም ነው፤ ሰው ለማሠልጠን ብቻ ዓመታት ይፈጃል።

የቦታ ምርጫም አለ። ከኮምቦልቻ በከሚሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የወረደ ሰው ካራ ቆሬን ያውቃታል። በ1961 እዚያ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፣ ዋናውንም መንገድ ጎድቷል። በእንዲህ ያለ አገር መሬቱን የሚያጠናውና ጥናቱን የሚያጸድቀው አንድ ሊሆን አይገባም። የጃፓኑ አዲስ ተቆጣጣሪ በ2024 ኅዳር የጹሩጋ 2ኛ ሬአክተር ሥራ እንዳይጀምር ከልክሏል፤ ከሥሩ ንቁ፣ ማለትም ሊንቀሳቀስ የሚችል የመሬት ስንጥቅ ሊኖር ይችላል በሚል። ተገንብቶ ያለቀ፣ ቀድሞ ይሠራ የነበረ ሬአክተር ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ ተቆጣጣሪያቸውን ያቋቋሙት በ2009 ነው፤ የማመንጫቸው የባራካህ የመጀመሪያው ሬአክተር ግንባታ የተጀመረው በ2012። ተቆጣጣሪው ቀደመ ማለት ነው።