የጤና መረጃ ተናባቢነት ምንድን ነው?

ከደጋው ጎጃም በየክረምቱ ብዙ ወጣት በረሃ ይወርዳል። መተማ፣ ሁመራ፣ ሲብስም ድንበር ተሻግሮ ሱዳን፣ ገዳሪፍ። ሐምሌና ነሐሴ የሰሊጥ አረም፣ መስከረም ሲጠባ አጨዳ። ማታ ደክሞት ግራር ሥር ጋደም ይላል። ካላዛር የሚባለውን ገዳይ በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ ከግራሩና ከዋልካው መሬት ስንጥቅ አትርቅም።

በሽታው ቶሎ አይታይም። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተደብቆ ይቆያል። ስለዚህ ልጁ ቆላ ተነክሶ የሚታመመው እናቱ ቤት ነው፤ ቢቸና ወይም ደምበጫ። ትኩሳት፣ ክሳት፣ የጣፊያ ማበጥ። ደጋ ላይ ካላዛር ቶሎ ወደ ሐሳብ አይመጣም። ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው ሲባል ጊዜው ይነጉዳል። ካልታከመ ግን ከመቶ ሕመምተኛ ከ95 በላይ ይገድላል። አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው።

አሁን እንበልና ልጁ ገዳሪፍ ሳለ ታሞ ሕክምና ጀምሮ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ የተለመደው ሕክምና 17 ቀን የሚሰጥ መርፌ ነው። በስድስተኛው ቀን አቋርጦ አገሩ ገባ። ደብረ ማርቆስ ያለው ሐኪም ይህን በምን ያውቃል? የተናባቢነት ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል፦ በተለያየ ቦታ የተያዙ የጤና መዝገቦች መረጃ ተለዋውጠው መግባባት ይችላሉ ወይ?

ቃሉ ራሱ ደስ ይለኛል። የጎጃም የቅኔ ተማሪ «ተናባቢ» ሲባል ወዲያው ይገባዋል። «ቤት» እና «መጻሕፍት» ሲናበቡ «ቤተ መጻሕፍት» ይሆናሉ። ቤት ቤትነቱን አልተወም። የተለወጠችው የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት፤ «ት» «ተ» ሆነች። የአገሮች መረጃም እንዲሁ ነው። ሱዳን የራሷን መዝገብ ትይዛለች፣ ኢትዮጵያም የራሷን። የሚስማሙት መገናኛው ላይ ነው፦ ምን እንደሚላላኩ፣ በምን ስም፣ በየትኛው ቀን፣ ማን ማየት እንደሚችል።

ብዙ ሰው ሁሉም አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ከያዘ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ዲኤችአይኤስ ቱ የሚባለው የጤና መረጃ መያዣ ሶፍትዌር ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት ያደገ ነው፤ ክፍያም የለውም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2011 በአገር ደረጃ ጀመረችው፣ እኛ ደግሞ በ2010 ዓ.ም.። ሱዳንም ትጠቀምበታለች። ግን እያንዳንዱ አገር በየሰርቨሩ ለብቻው ነው የጫነው። በዋናነት የሚይዘውም ድምር ነው። በዚህ ወር ስንት ሰው ታመመ ይላል፤ የማን ልጅ እንደሆነ አይልም።

ልብ በሉ፣ አሁን እንኳ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፍኩ። እኛ ካርድ ላይ መስከረም 25 ቀን 2016 የተባለው፣ ሱዳን ኦክቶበር 6 ቀን 2023 ነው። ማሽኑ አስቀድሞ ካልተነገረው ሕመምተኛው ከሰባት ዓመት በፊት የታከመ ይመስለዋል።

ስም ከዚህም ይብሳል። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። «ጸጋዬ» የሚለውን በዐረብኛ ልጻፍ ቢሉ «ጸ» የለችም። በላቲን ፊደልም አንዱ እንዲህ፣ አንዱ እንዲያ ይጽፈዋል። ሰውየው አንድ፣ መዝገቡ ሦስት። የበሽታው ስም ግን መላ ተገኝቶለታል። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምድብ አሥረኛ እትም ካላዛር ቢ55.0 ነው፤ በአማርኛም ይጻፍ በዐረብኛ ለውጥ የለውም።

እኔ ስም ድንበር ባይሻገር እመርጣለሁ። ቁጥርና ማስጠንቀቂያ ይሻገር። የልጁ ታሪክ በራሱ ኪስ ባለ የሕክምና ወረቀት ወይም በፈቃዱ ይሂድ። ያለ ፓስፖርት የተሻገረ ሰው ስሜ ይያዛል ብሎ ከፈራ ሐኪም ቤት ድርሽ አይልም።

ይህ በሽታ በትብብር ሲረታ ታይቷል። ሕንድ፣ ኔፓልና ባንግላዴሽ ካላዛርን አብረው ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ2005 ተፈራረሙ። በ2023 ባንግላዴሽ በሽታውን የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን በማውጣት ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ለምሥራቅ አፍሪካም በ2024 ናይሮቢ ላይ እስከ 2030 የሚዘልቅ ዕቅድ ይፋ ሆኗል። እስከዚያው የደጋው ጤና ጣቢያ ትኩሳት ይዞት የመጣን ወጣት ሁሉ «ዘንድሮ በረሃ ወርደህ ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቅልን።