ለቀዶ ጥገና «አቅመ ደካማ» ማለት ምንድን ነው?

«85 ዓመታቸው ነው፣ አቅመ ደካማ ናቸው፤ የአከርካሪው ዕጢ ባይነካ ይሻላል።» የአከርካሪ ዕጢ ስላለባቸው አንዲት እማማ እንዲህ የሚል አስተያየት በዛ። መጀመሪያ ነገር፣ 85 ከየት መጣ? እማማ «በጣሊያን ጊዜ ነው የተወለድኩት» አሉ፣ ካርድ ክፍሉ ገምቶ ሞላ። አቅመ ደካማነት ግን ግምት አይደለም፤ ሰውነት ለክፉ ቀን ያኖረው ትርፍ አቅም መሟጠጡ ነው፣ ይለካልም። በዓመት ውስጥ ሳያስቡት ከ4 ኪሎ ተኩል በላይ መክሳት፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ ቶሎ መድከም፣ እንቅስቃሴ ማነስ፣ እርምጃ መዘግየት፦ ከአምስቱ ሦስቱ ሲገኙ ነው።

ጣና ዳር የደንገል ታንኳ የሚፈተነው መቼ እንደታሰረ በመጠየቅ አይደለም፤ ምን ያህል ውሃ እንደጠጣ ታይቶ ነው። ከውሃ እየወጣ ሲደርቅ የኖረው ማዕበል ቢመታው ተመልሶ ይንሳፈፋል። ማዕበሉ እዚህ ለሰዓታት በሆድ መተኛት፣ ማደንዘዣና የሚፈስ ደም ነው።

ታዲያ ድንጋይ የተጫነበት ደረቅ ታንኳም እኮ ዝቅ ይላል! አስተያየት ሰጪው የሳተው ይህን ነው። ዕጢው ህብለ ሰረሰርን (በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ) ሲጫን እግር ይከብዳል፤ ከወንበር ተነሥቶ 3 ሜትር ሄዶ የመመለሱ ፈተና ይበላሻል፣ በሽተኛውም ሳይደክም «ደካማ» ይባላል። ስለዚህ የሚጠየቀው እግራቸው ከመክበዱ በፊት ስለነበረው ነው፦ ቡና ራሳቸው ያፈሉ ነበር? ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይደርሱ ነበር? የእጅ ጭብጥ የሚታመነው ዕጢው ከደረት አከርካሪ ሲሆን ነው፤ አንገት ላይ ከሆነ እጅም ይዋሻል።

በአረጋውያን ሴቶች ላይ የሚበዛው ሜኒንጂዮማ፣ ማለትም ከህብለ ሰረሰር ሽፋን የሚነሣው ዕጢ፣ በአብዛኛው ካንሰር አይደለም። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ብዙ ጊዜም ደረት አከርካሪ ላይ ይቀመጣል፤ ሲወጣላቸው በ80ዎቹ ዕድሜ ሆነው ዳግም የሚራመዱ አሉ። ከሌላ አካል የተሰራጨ ካንሰር ስሌቱ ሌላ ነው፤ ቢያንስ 3 ወር ያህል እንደሚኖሩ ካልተገመተ ትልቅ ቀዶ ጥገና ብዙውን ጊዜ አይመከርም።

«ይቆይ» ማለትም ዋጋ አለው። እግር ጨርሶ ከሰነፈና ሽንት ከታገደ በኋላ ዕጢው ቢወጣም የሚመለሰው ጥቂት ነው፤ እስከዚያም የአልጋ ቁስል፣ የሳንባ ምችና የደም መርጋት ይቀድማሉ። እነዚሁ ከቀዶ ጥገና በኋላም ስለሚያሰጉ፣ የህብለ ሰረሰሩ ሽፋን ፈሳሽ እንዳያሳልፍ ሆኖ ከተሰፋ ቶሎ ማስቀመጥና ማቆም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሊቃዡ ይችላሉ። መነጽራቸው እጃቸው ይግባ፣ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ይደር፣ የሽንት ቱቦውም ሥራው ካለቀ አንድ ቀን አይደር።