ዛዜን ያለ ቡድሂዝም፦ ምኑ ይነጠላል፣ ምኑ አይነጠልም

ዛዜን የዜን ቡድሂዝም ዋና ልምምድ ሲሆን ቃሉ «ተቀምጦ የሚደረግ ዜን» ማለት ነው። «ዜን» ራሱ ከሳንስክሪቱ «ድያና» ተነስቶ ቻይና ላይ «ቻን» ተባለ፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው ጃፓን ሲደርስ ነው። በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ተመስጦ» ይባላል፤ አጠራሩ ግን ትንሽ ያሳስታል። የተመሰጠ ሰው ልቡ ወደ አንድ ነገር ተወስዷል። በዛዜን ልብ የትም አይሄድም፣ ዓይንም አይከደንም። የገዳማውያኑ «አርምሞ» ወይም የፕሮቴስታንቶቹ «ጽሞና» ይቀርበዋል። እነሱም ቢሆኑ ለአምላክ የሚቀርቡ ዝምታዎች ናቸውና በልኩ አይገጥሙም።

የጊዮርጊስ ደወልና የኑር መስጊድ አዛን ከአንድ መስኮት በሚሰሙበት ፒያሳ ይህ የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ሆኖ ዛዜን መቀመጥ ይቻላል? በጥቅሉ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ማለት አያስኬድም። አቀማመጡ፣ ሥርዓቱ፣ ዓላማውና መምህሩ የየራሳቸው መልስ አላቸው።

ጥያቄው ለዜን ሰዎችም አዲስ አይደለም። ቻይናዊው መነኩሴ ዞንግሚ (780–841) ተመስጦን በአምስት ደረጃ ከፍሎ፣ የሌላ እምነት ሰዎችንና የተራውን ሰው ልምምድ ከታች አስቀምጧል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓናዊው መምህር ያሱታኒ ሃኩን (1885–1973) «የተራ ሰው ዜን» የሚለውን ለሰውነትና ለአእምሮ ጤና ተብሎ ያለ ሃይማኖት ለሚደረገው ተጠቀመበት። ከእምነት ውጭ መቀመጥ እንደሚቻል ባለቤቶቹ ራሳቸው ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ዝቅተኛ ወንበር ሰጡት እንጂ። መሰላሉን የሠሩት ደግሞ ላይኛው ጫፍ ላይ የተቀመጡት መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ከጃፓን የዜን መስመሮች አንዱ የሆነው የሶቶ ትምህርት ቤት መሥራች ዶገን (1200–1253) ነገሩን ያጠብቀዋል። ለእሱ መቀመጥ ወደ ብርሃን (ወደ መንፈሳዊ መንቃት) የሚያደርስ መንገድ አይደለም፤ መቀመጡ ራሱ ብርሃኑ ነው። የዚሁ መስመር መነኩሴ ሳዋኪ ኮዶ (1880–1965) ዛዜን ለምንም አይጠቅምም እስከማለት ደርሷል። በዚህ ዓይን ሲታይ ጭንቀት እንዲቀንስለት የሚቀመጥ የካዛንቺስ ሠራተኛ ጥፋቱ ቡድሃን መተዉ ብቻ አይደለም፤ እምነቱን አውልቆ ጥቅም መልበሱም ነው።

በክርስትና በኩል የታወቀው ምሳሌ ጀርመናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ሁጎ ኤኖሚያ-ላሳል (1898–1990) ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ጃፓን ገባ፣ በ1945 ከሂሮሺማ ቦምብ ተረፈ፣ ክህነቱን ሳይለቅ ዜን ተማረ፣ አስተማረም። መምህሩ ያማዳ ኮውን (1907–1989) ክርስቲያን ተማሪዎቹን እምነታችሁን ለውጡ አላላቸውም። ቫቲካን በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ደብዳቤ የምሥራቁን ዘዴ ጨርሳ አልከለከለችም፤ ከልምምዱ የሚገኘውን የሰውነት እርጋታና ደስታ የመንፈስ ቅዱስ መጽናናት አድርጎ መውሰድን ግን ስሕተት ብላዋለች። አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ሃይማኖታዊውን ክፍል አስቀርቶ ለሕመምተኞች ሥልጠና አዘጋጀ። ንጥሉ ተሳክቷል፤ ውጤቱ ግን ዜን ተብሎ አይጠራም።

ሳይታገል የሚነጠለው አቀማመጡ ነው። ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ከሆነ አስቀድሞ ስስ ፍራሽ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ይነጠፋል፤ አለበለዚያ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ቅዝቃዜ በቁርጭምጭሚት ይገባል። በላዩ ዛፉ የሚባል ክብ ትራስ ይቀመጣል፤ ስፋቱ ወደ 35፣ ከፍታው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ጠንካራ ስፖንጅ አስቆርጦ ጨርቅ ማልበስ፣ ወይም ሁለት ጋቢ አጥፎ መደራረብ ይበቃል። ለስላሳ ስፖንጅ ግን ሲቀመጡበት ይሟሽሻል፤ ዳሌ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ወገብ ይጎብጣል፣ ብዙም ሳይቆይ ጀርባ ያማል። ከፍታው ልክ መሆኑ የሚታወቀው ሁለቱም ጉልበቶች ወለል ሲነኩ ነው፤ መቀመጫና ሁለት ጉልበት እንደ ሦስት ጉልቻ ሰውነቱን ይሸከማሉ። አልሆን ካለ ወንበር ላይ፣ ጀርባን ሳያስደግፉና እግርን መሬት አስረግጠው መቀመጥ ይቻላል።

ጉልበት ውስጥ የሚወጋ ሕመም ከመጣ እግር ወዲያው ይፈታ። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ዳሌ ነው፦ ዳሌ አልዞር ሲል ጉልበት ይጠመዘዛል። መደንዘዝ ያን ያህል አያሰጋም፤ አደጋው የደነዘዘ እግር ላይ ብድግ ብሎ መውደቅ ነው። ግራ እጅ በቀኝ መዳፍ ላይ ያርፋል፣ አውራ ጣቶች ለስሱ ይነካካሉ። እንቅልፍ ሲመጣ ጣቶቹ ይወድቃሉ፣ ውጥረት ሲበዛ ወደ ላይ ይገፋፋሉ፤ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። ዓይን በከፊል ተገልጦ አንድ ሜትር ያህል ርቀት ወለሉ ላይ ያርፋል።

ጀማሪ የሚወጣ ትንፋሹን ከ1 እስከ 10 ይቆጥርና ወደ 1 ይመለሳል። ራሱን 14 ወይም 17 ላይ ያገኘ ሰው ሐሳቡ ሄዶ ምላሱ ብቻ ሲቆጥር ቆይቷል ማለት ነው፤ ያለ ወቀሳ ከ1 ይጀምር። ትንፋሽን በግድ ማርዘም አይገባም፤ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ በተለይ ከቆላ በቅርብ የመጣን ሰው ያዞረዋል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ የተለመደው ከ25 እስከ 40 ነው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ የሚቀመጥ ሰው የቅዳሴ ድምፅ በማጉያ ይደርሰዋል። ዜማውን በቃሉ የሚያውቅ ከሆነ ቁጥሩ 3 ላይ ይቀራል፣ ልቡ ተሰጥኦውን ይቀበላል። እንዲህ ያለው ሰው ከመታገል ሰዓቱን ቢለውጥ ይሻለዋል።

ሥርዓቱ ላይ ሲደረስ መምረጥ ይመጣል። በባህላዊው ልማድ የመቀመጫው ጊዜ አንድ የእጣን ዘንግ ነዶ እስኪያልቅ ነው፤ እጣኑ ግን መሥዋዕትም ጭምር ስለሆነ በስልክ ደወል ቢተካ የሚጎድል የለም። ጋሾ የሚባለው መዳፍ ገጥሞ እጅ መንሣት ለመቀመጫውም ለጓደኛም ይደረጋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት የአምልኮ ስግደትን ከአክብሮት ስግደት ስለሚለይ፣ ለጓደኛ እጅ መንሣትና በምስል ፊት እጣን አጥኖ መደፋት አንድ እንዳልሆኑ ለማሳየት ይረዳል። ሙስሊም ግን ለማንም ቢሆን ከአላህ በቀር ሱጁድ አይወርድምና ይህ ክፍል ሙሉ በሙሉ ይቀርለታል። የልብ ሱትራ የሚባለው አጭር የቡድሂዝም ጽሑፍ ዝማሬና አራቱ ስእለቶች ደግሞ ግልጽ ቡድሂስታዊ ትምህርት ናቸው፤ ዝም ብሎ ማሳለፍ ይቻላል። አሥራ ስድስቱን ትእዛዛት መቀበል ቡድሂስት መሆን ነው፤ ለመቀመጥ ግን አይጠየቅም።

አስቸጋሪው ኮዋን ነው፤ ማለትም በተለይ በሌላው የዜን መስመር፣ በሪንዛይ ትምህርት ቤት፣ መምህሩ ለተማሪው የሚሰጠው ጥያቄ። ቅኔ የለመደ ሰው ሰሙን ገፎ ወርቁን ሊያወጣ ይቸኩላል። ኮዋን የተደበቀ ወርቅ የለውም፤ ብልህ ፍቺ ይዞ የቀረበ ተማሪ በደወል ይሰናበታል። የጥንቱ ቻይናዊ የዜን መምህር ጆሹ ውሻ የቡድሃ ባሕርይ አለው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ «ሙ» («የለም») ያለበትን ኮዋን ከቡድሂዝም አውጥቶ ያለ መምህር መያዝ፣ ቁልፉን ትቶ ሣጥኑን መሸከም ይሆናል።

መምህር የሚያስፈልገው ለዚህ ብቻ አይደለም። ረጅም ሲቀመጡ ብርሃን ወይም ምስል ሊታይ ይችላል፤ ዜን «ማክዮ» ይለውና ንቆ ያልፈዋል። ራእይን በሚያከብር አካባቢ ያደገ ሰው ግን መልእክት ያደርገዋል። ሃኩዊን (የሪንዛይ መምህር፣ 18ኛው ክፍለ ዘመን) በወጣትነቱ ልምምድ አብዝቶ መታመሙን ራሱ ጽፏል። የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሴሺን የሚባለውን የሰባት ቀን የተከታታይ መቀመጥ ጊዜ አይግባ። ሴሺኑን ከሱባኤ ጋር የሚያመሳስሉ አሉ፤ ቀኑና ዝምታው ይመሳሰላል፣ ሱባኤ የገባ ግን የሚለምነው አለው።

በኢንተርኔት ከጃፓን መምህር ጋር ለሚቀመጡ ሰዓቱ አያስቸግርም። ቶኪዮ ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ስለምትቀድም፣ እዚያ ምሽት 7 ሰዓት ሲሉ እዚህም በእኛ አቆጣጠር ቀን 7 ሰዓት ነው። የምሳ ሰዓት ነውና ከበሉ በኋላ ሳይሆን ሳይበሉ ይቀመጡ፤ በሞላ ሆድ ላይ እንቅልፍ ይቀድማል።