ጎደሬ ምንድን ነው? አዲስ ጓሮ ውስጥ ያገኛችሁትን ሥር ከመቅመሳችሁ በፊት

ኮምቦልቻ ላይ ጓሮ ያለው ቤት ተከራያችሁ እንበል። ክረምቱ ሲገባ ከዕቃ ማጠቢያው ቦይ ዳር እናንተ ያልተከላችሁት ነገር ብቅ ይላል። ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ ያህላል። አንዱ ጎረቤት «ኮባ ነው» ይላል፣ ሌላው «አበባ ነው፣ ንቀሉት»። ሁለቱም ተሳስተው ሊሆን ይችላል። እርጥብ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ቅጠል ካያችሁ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ጎደሬ ነው።

ጎደሬ ከመሬት በታች ያለው ክፍሉ የሚበላ ተክል ነው። ሥር እንበለው እንጂ በትክክል ሲታይ ያበጠ ግንድ ነው። መነሻው ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። እኛ አገር ወላይታ፣ ከፋ፣ ሸካና ኢሉባቦር ብትሄዱ የዘወትር ምግብ ነው። ወሎ ላይ እንግዳ ነው፤ ያም ቢሆን የሚያውቀው አይጠፋም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ ብዙ ሰው በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ተወስዷል። ከዚያ የተመለሰ አዛውንት ሰፈራችሁ ውስጥ ካለ እሳቸውን ጠይቁ። ስልክ ላይ ፎቶ አይቶ ከሚገምት ወጣት ይልቅ እኔ እሳቸውን አምናለሁ።

የሚጠይቁት ሰው ከሌለ ቅጠሉን ገልብጡት። ዘንጉ ቅጠሉን የያዘው የት ላይ ነው? የጎደሬ ዘንግ ጠርዙ ላይ አይገጥምም። ከጠርዙ ወደ መሐል ገባ ብሎ፣ ከቅጠሉ ሆድ ላይ ነው የሚሰካው። ቀጥሎ ቅጠሉ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ። ሳያርሰው ድብልብል ብሎ ተንከባልሎ ይወርዳል። ዘንጉ የገጠመው ቅጠሉ ለሁለት የተከፈለበት ጠርዝ ላይ ከሆነ ግን ቆም በሉ። የጎደሬ ዘመድ የሆነው ታኒያ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ተቀቅሎ ይበላል። ወይም ደግሞ ለጌጥ የሚተከለው፣ ነጭ ጥምዝ አበባ የሚያወጣው ካላ ሊሊ ይሆናል። ካላ ሊሊ መርዛማ ነው። ሁለቱን መለየት ካቃታችሁ አበባ እስኪያወጣ ጠብቁ እንጂ ወደ ድስት እንዳትወስዱት።

ሌሎቹ ሥራ ሥሮች ብዙም አያምታቱም። መሬት ላይ የሚሳብ ሐረግ ካለው ስኳር ድንች ነው ብላችሁ ጀምሩ። አጥር ወይም ዛፍ ላይ የሚጠመጠም ከሆነ ቦዬን ጠርጥሩ። ዳሊያ አበባም ከሥሩ ስኳር ድንች የሚመስል ነገር አለውና ደረቅ አገዳ ብቻ በቀረበት በጋ ላይ ልታደናግር ትችላለች።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ፤ ጎደሬ በጥሬው አይቀመስም። ትንሽ ቆርጦ ምላስ ላይ ማድረግም አይሆንም። ሥሩም፣ ዘንጉም፣ ቅጠሉም ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል ነገር አለ። በዓይን የማይታዩ፣ መርፌ የመሰሉ ስለታም ቅንጣቶች ናቸው። ጥሬውን ሲያኝኩት ምላስና ጉሮሮ ላይ ይሰካሉ። አፍ ይለበልባል፣ ከንፈር ያብጣል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ሲልጡትም እጅ ያሳክካል። እጃችሁን ብቻ ከሆነ አብሽሩ፣ ታጥባችሁ ትንሽ ስትቆዩ ይለቃል። ጉሮሮ አብጦ መተንፈስ ካስቸገረ ግን ቶሎ ወደ ሐኪም ነው።

ቅቅሉ ቀላል ነው፣ ጊዜ ግን አትንፈጉት። አፈሩን አጥባችሁ ከነልጣጩ በብዙ ውሃ ጣዱት። ቢላ ስትሰኩበት ያለ ምንም ትግል መግባት አለበት። ውሃውን ድፉት፤ ለወጥ አታስቀሩት። ከበሰለ በኋላ ልጣጩ በጣት ይነሳል፣ እጅም ብዙ አያሳክክም። ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ ሆኖ አንዳንዱ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት ነው። ትንሽ ያሙለጨልጫል፤ የጎደሬ ጠባይ ነው እንጂ ተበላሽቶ አይደለም። በአዋዜ ግሩም ነው። አፋችሁን ከነካካው በደንብ አልበሰለም ማለት ነውና መልሳችሁ ጣዱት። ቅጠሉም በደንብ ተቀቅሎ እንደ ጎመን ይበላል። ድፎ ለመጠቅለል ግን ኮባውን አትተዉ።

ከድንች ይልቅ ጎደሬ ሆድ ይይዛል። 100 ግራም ጥሬ ጎደሬ 112 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ሲኖረው ድንች 77 አካባቢ ነው። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ግን ኦክሳሌቱ ስለማይስማማው ሐኪሙን ሳያማክር ባያዘወትረው ይሻላል። ለሌላው ሰውም እርጎ ወይም አይብ አብሮ ቢቀርብ ጥሩ ነው። ካልሲየሙ ኦክሳሌቱን ሆድ ውስጥ ስለሚይዘው ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል።

መቼ ይወጣል? እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጃል። ቅጠሎቹ ማነስና መቢጨት ሲጀምሩ ደርሷል ማለት ነው። ዶማውን ከተክሉ ራቅ አድርጋችሁ አሳርፉ። መሐል ላይ ትልቋ እናት አለች፤ ዙሪያዋን እንቁላል የሚያካክሉ ልጆች ከበዋታል። የተቆረጠ ቶሎ ስለሚበሰብስ የተጎዳውን በዚያው ቀን ቀቅሉት። ደህናው ጥላ ያለበት ደረቅ ቦታ ጥቂት ሳምንት ይቆያል። ፍሪጅ አይወድም።

ለዘር ትንንሾቹን ልጆች ማስቀረት ይቻላል። የእናትየዋን አናት ከስንዝር ዘንግ ጋር ቆርጦ መትከልም ይሆናል። በተክሎቹ መሐል ግማሽ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ። ውሃ ስለሚወድ ሌላው አትክልት የሚበሰብስበት ረግረግ ቦታ ይመቸዋል። እዚህ ላይ ግን ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ መሆኗን አትርሱ። የፋብሪካ ፍሳሽ የሚነካው ቦይ ወይም ወንዝ ዳር የበቀለውን አትብሉ። ተክሉ ከውሃው ጋር ከባድ ብረቶችንም ሊስብ ይችላል፣ እነሱ ደግሞ በመቀቀል አይጠፉም። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚደርስበትንም ተዉት።

ደሴ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ጎደሬ ሙቀት ይፈልጋል፤ ደጋ ላይ እድገቱ ይጓተታል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ከመጣም ቅጠሉን ያቃጥለዋል። መሞከር የሚፈልግ ደሴዎች ካሉ ንፋስ በማያገኘው፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር አንድ ሁለት ተክሎ ማየት ነው። ድንቹን ነቅሎ ጎደሬ መትከል ግን አይመከርም።

አልፈልገውም ካላችሁ ቅጠሉን ማጨድ ብቻውን ዋጋ የለውም፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። መሬቱ ሲርስ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ልጆቹን ሁሉ ልቀሙ፤ የቀረችው አንዷ ለከርሞ ትበቅላለች። የነቀላችሁትንም ፍግ ጉድጓድ ውስጥ አትጨምሩ፣ እዚያም ይበቅላል። ቆራርጣችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ እስኪደርቅም ፍየልና በግ እንዳያገኙት አድርጉ። ከመጣላችሁ በፊት ግን ጎረቤት ውስጥ የደቡብ ወይም የከፋ ሰው ካለ ንገሩት፣ ራሱ መጥቶ ይቆፍርላችኋል።