ምጽዋት፦ ሀብትና ድህነት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን

ምጽዋት ከጸሎትና ከጾም ጋር ተያይዞ የሚጠራ የክርስትና ምግባር ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሀብትና ስለ ድህነት የምታስተምረው አብዛኛው ነገር በእርሱ ዙሪያ ይገኛል። ሀብት በራሱ አይነቀፍም፤ አብርሃም ባለጠጋ ነበር፣ የሚመሰገነውም እንግዳ ተቀባይ በመሆኑ ነው። ድህነትም በራሱ ጽድቅ አይሆንም። ባለጠጋው የገንዘቡ መጋቢ ስለሆነ ለነዳያን የሚሰጠው ከእግዚአብሔር የተቀበለውን ለእግዚአብሔር እንደ መመለስ ይቆጠራል። ተቀባዩ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ሲል ይህንኑ ይመሰክራል።

የሕግ መጽሐፉ ፍትሐ ነገሥት ለምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ ሰጥቶታል፤ ምእመናን ግን ትምህርቱን ይበልጥ የሚያውቁት በተአምረ ማርያም ከሚነበበው ከበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። 78 ሰው የበላው ይህ ሰው በመንገዱ በውሃ ጥም የተቃጠለ ቁስለኛ ድሀ አገኘ። ድሀው በሌላ ስም ሲለምነው እምቢ ብሎ፣ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ከያዘው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ነፍሱ ለፍርድ በቀረበች ጊዜ ያቺ ጥርኝ ውሃ ከበላቸው ነፍሳት ጋር ተመዝና በእመቤታችን ምልጃ አመዘነች። ታሪኩ በተለይ የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ይነገራል።

በፈቃድ የሚመረጠው ድህነት ምንኵስና ነው። በአንድነት ገዳም ሥራውም ማዕዱም የጋራ ነው፤ በቁሪት ገዳም ግን መነኩሴው ለየራሱ ያድራል። ከዚህ ታሪክ በስፋት ተጽፎ የሚገኘው የ14ኛውና የ15ኛው ምዕተ ዓመት ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርታቸው የነገሥታትንና የመኳንንትን ስጦታ እንዳይቀበሉ አስተምረዋል። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት አባ እስጢፋኖስና ተከታዮቻቸው በእጃቸው ሥራ እያደሩ በብርቱ ተጋድሎ ኖሩ፤ ለንጉሥ አንሰግድም በማለታቸውም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጽኑ መከራ ተቀበሉ። ለእመቤታችንና ለመስቀልም አልሰገዱም የሚለውን ክስ የሚቀበሉም የሚጠራጠሩም አሉ፤ ትጋታቸው ግን አያከራክርም፣ በአጋሜ የሚገኘው የጉንዳ ጉንዶ ገዳም የብራና ቅርስም ምስክር ነው።

በጎንደር ዘመን ታላላቅ አድባራት ሰፊ ጉልት፣ ማለትም ግብሩን የሚቀበሉበት መሬት፣ ነበራቸው።

«ሢሶ ለነጋሽ፣ ሢሶ ለቀዳሽ፣ ሢሶ ለአራሽ» የሚለውን አባባል ይዘው የአገሪቱ መሬት አንድ ሦስተኛ የቤተ ክርስቲያን ነበር የሚሉ አሉ፤ አባባሉ ግን ልኬት አይደለም፣ ከርስቷ የሚገኘውም ካህናትንና መምህራንን ያኖር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ አገልግሎቱ በምእመናን አስተዋጽኦና አጥቢያውን በሚያስተዳድረው የካህናትና የምእመናን ሰበካ ጉባኤ ላይ ወደቀ።

ምእመናን በየተራ በሚደግሱባቸው በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ይሰጣሉ። ተረኛው ዳቦና ጠላ ይዞ ይመጣል፤ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ቤት ጸሎት ተደርጎ ማዕዱ ይቆረሳል፣ ነዳያንም ድርሻቸውን ያገኛሉ። ተዝካርም በመሠረቱ ለሟች ነፍስ ድሆችን ማብላት ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ለድግሱ ተበድሮ መቸገሩ ግን ሊካድ አይገባም፣ ወጪውን የሚነቅፉ ካህናትም ጥቂት አይደሉም።

ትምህርቱ በሙሉ መልኩ የሚታየው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በሚማረው የቆሎ ተማሪ ላይ ነው። የበግ ቆዳ ደበሎ ለብሶ፣ የቁራሽ መያዣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» (ስለ ማርያም ስም) ይላል። የባለጠጋ ልጅ እንኳ ቢሆን ከትሕትና ጋር መማር አለበትና ቁራሽ መለመኑ አይቀርለትም። የቤቱ እመቤት ከትናንቱ እንጀራ ቁራሽ አምጥታ በአኩፋዳው ትከትለታለች፤ እርሱም መርቆ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል። ወደ ጎጆው ሲመለስም ታሞ ለመለመን ያልወጣ ባልንጀራ ካለ ያመጣውን ለሁለት ይከፍለዋል።