የባንድ ላይቭ ዝግጅት መቅረጫ ሲመረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የባንድ መድረክ ለመቅረጽ ዕቃ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ሪከርደር ይሻላል?» ብሎ ይጀምራል። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ድምፁ ከየት ይመጣል የሚለው ነው፦ ከአዳራሹ አየር በማይክ፣ ከሚክሰሩ መውጫ በገመድ፣ ወይስ ከእያንዳንዱ ቻናል ለየብቻ? ይህ ከታወቀ ምርጫው በራሱ እየጠበበ ይሄዳል። ካልታወቀ ውድ ዕቃ ተገዝቶም ቀረጻው የማይሰማ ሊሆን ይችላል። ገዢን በብዛት የሚያሳስቱት ግምቶች እነዚህ ናቸው።

«ከሚክሰር በቀጥታ የተቀዳ ሁልጊዜ ይበልጣል»

ጥራቱስ ጥሩ ነው፤ ባንዱን ግን ላይመስል ይችላል። ሳውንድ ኢንጂነሩ ሚክስ የሚያደርገው አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው እንጂ ለሪከርደሩ አይደለም። በትንሽ አዳራሽ ድራሙና የጊታሩ አምፕሊፋየር ያለ ስፒከር እርዳታ ቤቱን ይሞሉታል፤ ስለዚህ ወይ ጭራሽ ማይክ አይደረግላቸውም፣ ወይ ፌደራቸው (የሚክሰሩ የድምፅ መጠን ተንሸራታች) ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ያንን ቅጂ በኋላ ሲሰሙት ድምፃዊውና ኪቦርዱ ጆሮ ሥር ተደቅነው ድራሙ ከጎረቤት ግቢ የሚመጣ ይመስላል። የሚሰማው ድራም በድምፃዊው ማይክ ሾልኮ የገባው ብቻ ነውና። ትልቅ ሜዳ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሁሉም መሣሪያ በስፒከር ስለሚያልፍ የሚክሰሩ ቅጂ የተሟላ ይሆናል፤ የሚጎድለው የሕዝቡ ጭብጨባና የቦታው አየር ነው።

ስለዚህ ደህና ውጤት የሚሰጠው ሁለቱን ማጣመር ነው፦ ከሚክሰሩ ግራና ቀኝ፣ ከአዳራሹ ሁለት ማይክ። ይህ ቢያንስ 4 ትራክ በአንድ ጊዜ የሚቀርጽ ሪከርደር ይጠይቃል። ዙም ኤች6 ለምሳሌ 4 መግቢያዎች አሉት፤ ከአናቱ ደግሞ ስቴሪዮ ማይክ ይገጠምበታል። እዚህ ላይ መዘግየት እንዳለ አይረሳ። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። የአዳራሹ ማይክ ከስፒከሩ 10 ሜትር ከራቀ በገመድ ከመጣው ድምፅ 29 ሚሊሰከንድ ወደኋላ ይቀራል፤ እንዲሁ ቢደባለቅ ስኔሩ ሁለቴ የተመታ ይመስላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዝግጅቱ ሳይጀመር፣ ሪከርደሩ በርቶ እያለ፣ አንድ ሰው በድምፃዊው ማይክ ፊት አንዴ ያጨብጭብ። ኤዲት ሲደረግ የጭብጨባውን ሹል ጫፍ በሁለቱ ትራኮች ላይ ፈልጎ ማገጣጠም ይበቃል።

ሁለት የተለያዩ ሪከርደሮችን ተጠቅሞ በኋላ ማገናኘትም ይቻላል። ነገር ግን የውስጥ ሰዓታቸው እኩል አይሄድም። ከአንድ ሚሊዮን 20 ያህል ብቻ ቢለያዩ እንኳ በ1 ሰዓት ውስጥ 72 ሚሊሰከንድ ይራራቃሉ። በመጀመሪያው ዘፈን የተገጠመው በመጨረሻው ላይ ተንሸራቶ ይገኛል። በዚህ መንገድ የቀረጸ ሰው ዘፈን በዘፈን ቆርጦ እያንዳንዱን ለብቻው መግጠም አለበት።

«ጃኩ ልክ ከሆነ ገመዱም ልክ ነው»

ብዙ ቀረጻ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ዕቃ ሲገዛ ግን ገመድ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ችግር የሲግናሉ ጉልበት ነው። የፕሮፌሽናል ሚክሰር መውጫ በተለምዶ በ+4 ዲቢዩ ደረጃ ይሠራል፤ የቤት ዕቃዎች የላይን መግቢያ ከዚያ 12 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ያለ ይጠብቃል፤ የማይክ መግቢያ ደግሞ ከሁሉም እጅግ ያነሰ። በትንሽ ሪከርደር የማይክ ቀዳዳ ውስጥ የሚክሰር ገመድ ሲሰካ ድምፁ ይሰባበራል። አሳሳቹ ነገር የጌይን ቁልፉን (የሚገባውን ድምፅ ማጉያውን) ዝቅ ማድረግ ሁልጊዜ አለመርዳቱ ነው። የሚሰባበረው ሲግናሉ ቁልፉ ጋ ከመድረሱ በፊት፣ በመግቢያው ሰርኪዩት ላይ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የድምፅ መጠን ማሳያው (ሜትሩ) ቀይ ሳይነካ፣ ለምሳሌ −8 ላይ ቆሞ፣ ሞገዱ በኮምፒዩተር ሲታይ አናቱ በምላጭ እንደተላጨ ጠፍጣፋ ነው። ስለዚህ ሲገዛ «ላይን» ተብሎ የሚመረጥ መግቢያ ወይም ቢያንስ 20 ዴሲቤል የሚቀንስ ፓድ እንዳለው ይታይ። ከሌለው ከሚክሰሩ በኩል መውጫውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ለዚህም ከዋናው መውጫ ይልቅ የራሱ መቆጣጠሪያ ያለውን ኦግዚለሪ ወይም ማትሪክስ የተባለውን መውጫ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ችግር ተንኮለኛ ነው። የሚክሰሩ ባላንስድ መውጫ ሞኖ ነው፤ በሦስት ክፍል ጃክ ላይ ጫፉ ሲግናሉን፣ ቀለበቱ ያንኑ ሲግናል ተገልብጦ ይይዛል። የትንሹ ሪከርደር 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ግን ጫፉን ግራ፣ ቀለበቱን ቀኝ ብሎ ያነባል። ሁለቱን ለማገናኘት የተገኘ ማንኛውም መለወጫ ከተሰካ፣ ግራና ቀኙ እርስ በርስ የተገለበጡ ሆነው ይቀረጻሉ። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ድምፁ አለ፤ ትንሽ ባዶና ከጭንቅላት ውጭ የቆመ ይመስላል እንጂ። ያው ፋይል አንድ ስፒከር ብቻ ባለው ስልክ ሲከፈት ግን ሁለቱ ተደምረው ይጠፋፋሉ፤ ባንዱ በሙሉ ድራሹ ይጠፋል! ፋይሉ አልሞተም፤ አንዱን ቻናል በሶፍትዌር መገልበጥ ወይም ጥሎት በሌላው ብቻ መሥራት ይቻላል። ትክክለኛው ግንኙነት ከሚክሰሩ ግራ መውጫ አንድ ገመድ፣ ከቀኙ ሌላ ገመድ፣ እያንዳንዱ ወደየራሱ የሪከርደር መግቢያ ነው። (አንዳንድ አነስተኛ ሚክሰሮች ቀለበቱ ላይ ሲግናል አያወጡም፤ በእነሱ ላይ ይኸው ስህተት ቀኙን ቻናል ጸጥ ያሰኘዋል።)

«32-ቢት ፍሎት ካለው ድምፅ አይሰባበርም»

32-ቢት ፍሎት እጅግ ሰፊ የድምፅ መጠን የሚይዝ የፋይል አቀራረጽ ነው፤ ሪከርደሩ ራሱ ላይሰባብር ይችላል። ከእሱ በፊት የተሰባበረውን ግን አይጠግንም። ማይኩ ከአቅሙ በላይ ጩኸት ገብቶበት ወይም የሚክሰሩ ቻናል ቀይ እያበራ ከሆነ፣ ፋይሉ ውስጥ የሚገባው የተበላሸው ድምፅ ነው፤ የቱንም ያህል ቢት ቢኖር።

ይህ ብቃት በእውነት ዋጋ የሚኖረው ሪከርደሩን አብርቶ ራሱ መድረክ ላይ ለሚወጣ ሙዚቀኛ ነው። ሌቭል የሚከታተል ሰው ካለ 24-ቢት ይበቃል፤ እንደዚያ ላለው ባንድ ተጨማሪውን ገንዘብ ማይክና ማቆሚያ ላይ ማዋል ይሻላል። አሠራሩ፦ በሳውንድ ቼክ ከዘፈኖቹ ሁሉ ኃይለኛው፣ ከዚያም ኃይለኛው ክፍሉ ይጫወት፤ የሜትሩ ከፍተኛ ነጥብ ከ−18 እስከ −12 ዴሲቤል መካከል እንዲያርፍ ጌይኑ ይስተካከል፤ ከዚያ እጅ ይነሳ። ባንድ ሕዝብ ሲያይ ከሳውንድ ቼኩ በላይ መምታቱ የታወቀ ነው፤ የተተወው ክፍተት ለዚያ ነው። 24-ቢት በንድፈ ሐሳብ 144 ዴሲቤል ስፋት ስላለው 12 ዴሲቤል ባዶ መተው የሚሰማ ነገር አያሳጣም። የአዳራሹ የራሱ ሁካታ ከዕቃው ሽሽታ እጅግ ይበልጣልና።

«አውቶማቲክ ሌቭል ለማያውቅ ሰው ይጠቅማል»

ለንግግር አዎ፤ ለባንድ ግን ጠላት ነው። ኪክ ድራሙ ሲመታ አውቶማቲኩ ሁሉንም ነገር ቁልቁል ይገፋል፤ ዘፈኑ ጋብ ሲል ደግሞ የወንበር ጩኸትና የተመልካቹን ወሬ ሽቅብ ይስባል። ሙዚቃው የሚተነፍስ ይመስላል፤ በኋላም አይስተካከልም። ስልክ ለቀረጻ የሚያንስበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው፤ ሌቭሉን በእጅ የሚያስይዝ አፕ ካልተገኘ በስተቀር ለልምምድ ማስታወሻ እንጂ ለሌላ አይሆንም።

«96 ኪሎኸርዝ ከ48 ይበልጣል»

ይህ ቁጥር ድምፁ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ ይናገራል። በ48 የተቀረጸ ድምፅ እስከ 24 ኪሎኸርዝ ያለውን ይይዛል። የሰው ጆሮ ቢበዛ 20 ገደማ ይሰማል። በ96 መቅረጽ በእርግጠኝነት የሚያመጣው እጥፍ ፋይል ነው፦ ስቴሪዮ 24-ቢት በ48 በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ሲሆን በ96 ደግሞ 2 ያህል ይሆናል። 8 ትራክ በ48 በሰዓት 4.1 ጊጋባይት ይወስዳል። ከቪዲዮ ጋር ለማገጣጠምም 48 የተለመደው ነው። ካታሎግ ላይ ያለው 192 የሚል ቁጥር ዋጋ እንዲጨምር አይፈቀድለት።

«ትራክ በበዛ ቁጥር ቀረጻው ያምራል»

ትራክ ሲበዛ የሚጨምረው በኋላ የማስተካከል ዕድልና የማስተካከል ሥራ ነው። 16 ትራክ የቀረጸ ባንድ፣ ሚክስ የሚያደርግለት ሰው ከሌለው፣ የሚሰማ ምንም ነገር የለውም። ያ ሰው ካለ ግን ብዙ ትራክ ያለው ሪከርደር ከመገዛቱ በፊት የሚክሰሩ ሞዴል ይጣራ። ዲጂታል ሚክሰሮች ብዙዎቹ ራሳቸው መቅረጫ ናቸው። ቤሪንገር ኤክስአር18 በዩኤስቢ 18 ቻናል ወደ ላፕቶፕ ያወጣል፤ ኤክስ32 ላይ ኤክስ-ላይቭ የተባለው ካርድ ከተገጠመ ያለ ኮምፒዩተር 32 ትራክ በሜሞሪ ካርድ ይቀርጻል። እንዲህ ያለ ሚክሰር ላለው ባንድ የሚያስፈልገው አንድ የዩኤስቢ ገመድ ወይም ካርድ ነው፤ ሌላ ዕቃ አይደለም። ሲግናሉ ከፌደሩ በፊት መወሰዱ ይረጋገጥ፤ ካልሆነ ኢንጂነሩ በዝግጅቱ መሃል ያነሳውና የጣለው ሁሉ አብሮ ይቀረጻል።

«ጥሩ ሪከርደር የትም ቢቀመጥ ይሠራል»

ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ውድ ሪከርደር፣ በ3 ሜትር ማቆሚያ ላይ በቆመ ርካሽ ይበለጣል። ጠረጴዛ ላይ የሚገባው የአጠገቡ ሰው ወሬና የብርጭቆ ድምፅ ነው። ማይኩ ከተመልካቹ ራስ በላይ፣ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በመድረኩ መሃል ትይዩ፣ ከአዳራሹ ርዝመት በፊተኛው ግማሽ ይቁም። ከኋላ ግድግዳ ከተጠጋ ቤዙ ያብጣል፤ የአዳራሹም ነጸብራቅ ቃላቱን ያደበዝዛቸዋል። ስለዚህ ከዕቃው ጋር የሚገዛው ከባድ እግር ያለው ማቆሚያ፣ ሕዝብ እንዳይጥለው እግሩ ላይ የሚጫን የአሸዋ ከረጢት፣ እና የወለሉን ንዝረት የሚያግድ የላስቲክ ማንጠልጠያ ነው። ከቤት ውጭ ከሆነ ጸጉራም የንፋስ መከላከያ ግዴታ ነው፤ ስፖንጁ ብቻውን አይችልም።

«ማሸጊያው 10 ሰዓት ካለ 10 ሰዓት ይሄዳል»

ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በ2 ትራክ፣ ያለ 48 ቮልት ፋንተም (ለኮንደንሰር ማይክ በገመዱ የሚላክ ኃይል) ነው። ኮንደንሰር ማይክ ተሰክቶ ፋንተም ሲበራ ጊዜው በብዙ ይወርዳል። ዳግም የሚሞሉ ኒኬል ባትሪዎች 1.2 ቮልት፣ አልካላይን ደግሞ 1.5 ቮልት ስለሆኑ የባትሪው ዓይነት በሜኑ ውስጥ ካልተስተካከለ ማመልከቻው ይዋሻል። ፓወር ባንክ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሪከርደሩ የሚስበው ኃይል ትንሽ ሲሆንበት «ምንም አልተሰካም» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ በዝግጅቱ ቀን ሳይሆን አስቀድሞ ለ3 ሰዓት ይፈተን። ከግድግዳ ቻርጀር ጋር ሲያያዝ «እምም» የሚል ድምፅ ከተሰማ በባትሪ ተሞክሮ ይታይ፤ ከጠፋ መንስኤው ብዙውን ጊዜ የመሬት መስመር ነው፤ ከሚክሰሩ ጋር በመለያ ትራንስፎርመር ማገናኘት ያስወግደዋል።

ኃይል በመሃል ከተቋረጠ ሪከርደሩ ፋይሉን በወጉ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ፋይሉም ላይከፈት ይችላል። በዘፈኖች ዕረፍት ላይ አንዴ አቁሞ አዲስ ፋይል መጀመር ኪሳራውን ወደ ግማሽ ዝግጅት ያወርደዋል። ካርዱን በተመለከተ ፍጥነት የሚያሳስብ አይደለም፤ ስቴሪዮ በ24-ቢት 48 በሰከንድ 0.3 ሜጋባይት እንኳ አይደርስም። የሚያሳስበው ሐሰተኛ ካርድ ነው፤ 64 ጊጋባይት ተብሎ ተሽጦ 8 ብቻ የሚይዝ ካርድ ከሞላ በኋላ የተቀረጸው ሁሉ ባዶ ሆኖ ይገኛል። አዲስ ካርድ በሪከርደሩ ራሱ ፎርማት ተደርጎ፣ እስኪሞላ ተቀርጾበት፣ መጨረሻው ተከፍቶ ከተሰማ በኋላ ነው ወደ መድረክ የሚሄደው።