የአጥንት እፍግታ ምርመራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«አያመኝም፤ ስለዚህ አጥንቴ ደህና ነው።»
የሳሳ አጥንት እስኪሰበር ዝም ይላል። የአከርካሪ ስብራት እንኳ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፍና ቁመት ማጠሩ ወይም ጀርባ መጉበጡ ያሳብቀዋል።

«የደም ካልሲየሜ ልክ ነው።»
ሰውነት የደሙን ካልሲየም ከአጥንት እየወሰደም ቢሆን ያሟላል። የአጥንቱ መለኪያ ዴክሳ ነው፦ ጉልበታቸው የተለያየ ሁለት የራጅ ጨረሮች በወገብና በዳሌ አጥንት ያልፋሉ፤ የማዕድኑ መጠን በግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰላል። ጨረሩ እጅግ ትንሽ ነው። እርጉዝ የሆነች ግን አስቀድማ ትናገር።

«ቲ-ስኮሬ ከ-2.5 በላይ ነው፤ አልሰበርም።»
ቲ-ስኮር አጥንትዎን ከወጣት ጎልማሳ አጥንት ጋር ያነጻጽራል። -1 እና ከዚያ በላይ ጤናማ፣ በ-1 እና በ-2.5 መካከል ዝቅተኛ፣ -2.5 እና ከዚያ በታች የአጥንት መሳሳት ይባላል። ይህ የምርመራ ድንበር እንጂ የስብራት አጥር አይደለም፤ ከሚሰበሩት ብዙዎቹ ከድንበሩ በላይ ያሉ ናቸው። ዕድሜ፣ የቀድሞ ስብራትና ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት) አብረው ይታያሉ። ላላረጡ ሴቶችና ከ50 ዓመት በታች ላሉ ወንዶች ደግሞ የሚታየው ከእኩዮች ጋር የሚያነጻጽረው ዜድ-ስኮር ነው።

«የወገቤ ቁጥር ከፍ ብሏል፤ እሰየው!»
በዕድሜ ከገፉ ሰዎች ላይ ይህን ቁጥር መጠርጠር ይሻላል። የአከርካሪ መገጣጠሚያ ሲያረጅ የሚበቅለው ትርፍ አጥንት፣ የተጨፈለቀ አከርካሪ፣ በደም ቧንቧ ላይ የተጋገረ ካልሲየም፣ ሌላው ቀርቶ ሆድ ውስጥ ያልሟሟ የካልሲየም ክኒን ቁጥሩን በሐሰት ያሳድጋሉ። ክኒኑ ከምርመራው 24 ሰዓት በፊት የሚቆመው ለዚህ ነው። የተበላሸው አከርካሪ ከስሌቱ ይወጣል፤ ከሚለኩት አራት የወገብ አከርካሪዎች ሁለት እንኳ ካልተረፉ ዳሌውና ክንዱ ይለካሉ።

«የአጥንት እፍግታዬ ከ0.850 ወደ 0.870 ወጣ፤ መድኃኒቱ ሠራ።»
ጭማሪው 2.4 በመቶ ገደማ ነው። አንድን ሰው ከአልጋው አስወርደው ወዲያው ደግመው ቢለኩት ቁጥሩ ትንሽ ይለያያል፤ እግሩ ወደ ውስጥ የዞረበት ልክ መለወጡ ብቻ የዳሌውን ውጤት ያዛባል። ስለዚህ ባለሙያው 30 ሰዎችን ሁለት ሁለት ጊዜ ለክቶ የራሱን ስህተት ያወጣል፤ ያንን በ2.77 ሲያባዛ እውነተኛ ለውጥ የሚባለው ትንሹ መጠን ይገኛል። የወገብ ስህተቱ 1.9 በመቶ ከሆነ ከ5.3 በመቶ ያነሰ ለውጥ እንደ ለውጥ አይቆጠርም። በሌላ መሣሪያ ከተለኩማ ንጽጽሩ ጭራሽ አይያዝም። መድኃኒት እየወሰዱ ቁጥሩ ባለበት መቆየቱም ጥሩ ውጤት ነው።